ስም ያልወጣለት በርሜል

ዳክዬዎቹ የሰከሩት ማክሰኞ ከቀትር በፊት ነው። ስድስት ነበሩ፤ ሁሉም የጎረቤቲቱ የዙልማ። ሁለቱ አስፋልቱ መሃል ተዘርፍጠው ተቀመጡና አውቶቡሱ ቆመ፤ ሾፌሩ ጥሩምባውን ቢነፋ ቢነፋ ንቅንቅ አላሉም። አንዷ አንገቷን ወደ ጎን አጋድማ ከአጥሩ ጋር ትጨቃጨቃለች። የቀሩት ሦስቱ ቦዩ ውስጥ በአንድ እግር እንደሚቀዝፍ ሰው ክብ እየሠሩ ይዞራሉ።

ያ ቦይ ከደረቀ ሳምንታት አልፈውት ነበር። በዚያ ዓመት ዝናብ የሚባል ነገር ጠፍቶ ሣሩ እንደ ገለባ ነጥቷል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉድጓድ እንኳ ጭቃ ብቻ ሆኗል። ዳክዬዎቹ እርጥብ ነገር ሲያዩ የእግዜር ስጦታ ነው ብለው ዘለው ገቡ። የገቡበት ግን ውሃ አልነበረም።

ሮማኒ የጎማ ቱቦውን እንደያዘች በመጋዘኑ በር ብቅ አለች። ዙልማ መጥረጊያዋን እንደ ጦር ሰብቃ መንገዱን ተሻግራ ስትመጣ አየቻት።

«አንቺ ልጅ፣ ምንድነው ያጠጣሻቸው?»

«ምንም አላጠጣሁም፣ አክስቴ ዙልማ። የተበላሸ ቢራ ነው ወደ ቦዩ የደፋሁት።»

«የተበላሸ? ዳክዬ የተበላሸ ነገር ይቀምሳል እንዴ? ዳክዬ ከሰው ይመርጣል። ከባሌ ይመርጣል፣ ነፍሱን ይማረውና!»

ዙልማ አንዷን ዳክዬ በብብቷ ሥር ወሽቃ ሌላዋን በመጥረጊያው እየገፋች ስትሄድ፣ ቲስት ምርኩዛቸውን እየተደገፉ ከታችኛው መንገድ ደረሱ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በርሜል ሲያበጁ ኖረዋል፤ የመዶሻው ጩኸት ግራ ጆሯቸውን ወስዶባቸዋል፣ አፍንጫቸውን ግን አልነካባቸውም። የጠራቸውም ሽታው ነበር። ቦዩን አዩ። ቱቦውን አዩ።

«ስንቱን?» አሉ።

«ሁለቱን። ሦስተኛው ይቀረኛል።»

ቲስት በአጠገቧ አልፈው ወደ መጋዘኑ ገቡና በአጋዳሚው ላይ ከተኛው ከሦስተኛው በርሜል ዘንድ ደረሱ። መዳፋቸውን ውታፉ ላይ ጫኑ። የተኛ ልጅ ላይ እጁን እንደሚያሳርፍ ሰው ነበር አጫጫናቸው።

«ቱቦሽን አስቀምጪ።»

«አጎቴ ቲስት፣ እስቲ ራስዎ ይዩት። ተልባ ነው የሚመስለው፣ ይዝለገለጋል። በሽታ ነው። እኛ ጋ ቢሆን ኖሮ…»

«እኛ ጋ ማለት የት ነው?»

ሮማኒ ቱቦውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

ቲስት ውታፉን ነቅለው ሁለት ጣታቸውን ነከሩ። አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ገጥመው ቀስ ብለው አላቀቋቸው። በመካከላቸው ከሸረሪት ድር የወፈረ ክር ተዘረጋ፤ ረዘመ፣ ረዘመ፣ ተበጠሰ።

«ሰብቷል» አሉ። «ሙቀት ሲመጣ ይሰባል። ብርድ ሲመጣ ይከሳል። ከሰባ በኋላ አባትሽ ምን ያደርግ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«ምን ያደርጋል?»

«ኮፍያውን አድርጎ፣ ትቶት ይወጣል።»

* * *

አባቷ ፕሮስፔር ከተቀበረ አምስት ሳምንት ሆኖታል። ሳንባው ነበር። ሮማኒ ለቀብሩ ከጀርመን፣ ከሙኒክ መጣች፤ ከዚያም ንብረቱን መልክ ለማስያዝ ብላ እስከ ጥቅምት ማብቂያ፣ እስከ ቅዱሳን ሁሉ በዓል ድረስ ፈቃድ ወሰደች። ከዚህ መንደር ወጥታ የሄደችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እዚያ የቢራን ትምህርት ጨረሰች፣ እዚያው በአንድ ትልቅ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ተቀጠረች። ከሄደች አሥራ ሦስት ዓመት ሆናት። እዚያ ቢራ በስድስት ሳምንት ተጠምቆ ያልቃል፤ የዛሬው ከትናንቱ አይለይም። የእርሷ ሥራ ምንም ነገር እንዳይከሰት መጠበቅ ነበር።

ፕሮስፔር ቢራ ጠማቂ አልነበረም። በብርዱ ወራት ከጠማቂው ከሬኔ ቤት የተቀቀለውን የብቅል ጭማቂ ያመጣል። ሬኔ ጭማቂውን ጣሪያው ሥር ባለው ሰፊ መዳብ ገበታ ላይ አፍስሶ ሌሊቱን መስኮቱን ከፍቶ ያሳድረዋል፤ እርሾ ማንም አይጨምርበትም፣ ነፋሱ ያመጣውን ያመጣል። ፕሮስፔር ያንን በባሉጥ እንጨት በርሜሎቹ ሞልቶ ያስተኛዋል። ከዚያ የአንድ ዓመቱን፣ የሁለት ዓመቱንና የሦስት ዓመቱን እየቀመሰ ያዋህድና ጠርሙስ ውስጥ ይከታል። ሙያው ይኸው ነው። ድሮ በመንደሩ አሥራ አንድ ቤት በዚህ ሙያ ይኖር ነበር። አሁን ሰዉ ጣፋጩንና ቀዝቃዛውን ይወዳል፤ አሥሩ ቤቶች ዘግተዋል።

ለእርሷ የተረፉት ዘጠኝ ሙሉ በርሜሎች ነበሩ። ስድስቱ አሮጌዎች ናቸው፤ ፊታቸው ላይ በጠመኔ ስም ተጽፎባቸዋል። «ቄሱ» ይላል አንዱ። ሌላው «መበለቲቱ»። «ደንቆሮው» የሚለው ቲስት ራሳቸው መሆናቸውን ለማወቅ ብዙ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ያለፈው ብርድ ወራት ሦስት በርሜሎች ግን ፊታቸው ባዶ ነበር።

«በመጀመሪያው ሙቀት ይታመማሉ» አሉ ቲስት፣ በዚያው ማክሰኞ፣ የተገለበጠ የጠርሙስ ሣጥን ላይ ተቀምጠው። «ሁሉም አይታመምም፤ እንዲህ ያለ ሙቀት ሲመጣ ግን ማንም አይተርፍም። ከሕመሙ ሳይድን ፕሮስፔር ስም አያወጣለትም ነበር። ይኖራል አይኖርም የማይታወቅ ነገር ምን ብለሽ ትጠሪዋለሽ?»

«ይድናል ማለት ነው?»

«አንዳንዱ ይድናል።»

«ይኼስ?»

«እኔ በርሜል ሠሪ ነኝ እንጂ ነቢይ ነኝ?» ጣታቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። «ስሚኝ። እነዚያ ስድስቱ ሽማግሌዎች ናቸው። ጣዕም አላቸው፣ ትንፋሽ የላቸውም። ጠርሙስ ውስጥ ብቻቸውን ብትከቻቸው እንደሞተ ውሃ ይጋደማሉ። አረፋውን የሚሰጣቸው ወጣቱ ነው። ወጣት የቀረሽ ደግሞ ይኼ አንዱ ብቻ ነው። ይኼ ከሞተ ስድስቱም ሞቱ። አባትሽ በመጨረሻው ብርድ ወራት እያሳለ፣ በየአሥር እርምጃው እየቆመ ያመጣው ነው፤ እኔ አብሬው ነበርኩ። አንዴ ጋሪው ላይ ተደግፎ 'ቲስት፣ ይኼን ሳልቀምሰው ነው የምሄደው' አለኝ።»

ሮማኒ ባዶዎቹን ሁለት በርሜሎች አየች። በፈላ ውሃ አጥባቸዋለች፣ ዲን አጭሳባቸዋለች፤ ትምህርቷ እንደሚያዝዘው ሁሉ። በሁለቱም ውስጥ የአባቷ የመጨረሻ ድካም ነበረበት፤ አሁን በዙልማ ዳክዬዎች ሆድ ውስጥ ነው።

ትንሽ ቆይታ፣ ስለ ሌላ ነገር እንደሚጠይቅ ሰው ቱቦውን እየጠቀለለች፣ «በእኔ ስም የተሰየመ በርሜል ኖሮ ያውቃል?» አለች።

ቲስት ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ጆሯቸው አልሰማ ይሆን ብላ ልትደግመው ስትል፣ «ጠይቀነው ነበር» አሉ። «አንድ እሑድ። 'ለቄሱ ሰየምክ፣ ለዚህ ደንቆሮ ሰየምክ፣ ለልጅህ አንድ አትሰይምም?' አልነው። 'ገና እየፈላች ነው' አለ። 'የሚፈላ ነገር ስም አይወጣለትም።'»

ለመሄድ ሲነሡ አንድ ነገር አስማሏት፤ ውርጭ መሬቱን ሳይጨብጥ ውታፉን እንዳትነቅል። ውታፉ በተነቀለ ቁጥር አየር ይገባል፣ አየር ከገባ ኮምጣጤ ይከተላል። ሮማኒ ማለች። በሕይወቷ ምንም ነገር ሳትለካ እንድትጠብቅ ስትታዘዝ ይኼ የመጀመሪያዋ ነበር።

* * *

ነሐሴ እንደ ምድጃ ነደደ። በቀን ሁለት ጊዜ የመጋዘኑን ወለል በእርጥብ ጆንያ ታለብሳለች፤ መስኮቶቹን ጠዋት ትዘጋለች፣ ማታ ትከፍታለች። ሌላ የሚሠራ አልነበረም። በርሜሉ ድምፅ የለውም። ጆሮዋን እንጨቱ ላይ አስደግፋ የምትሰማው የራሷን የደም ምት ብቻ ነው።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቲስትን ጨምሮ አራት ሽማግሌዎች መጥተው ከፕሮስፔር የሸክላ ማሰሮ እየቀዱ ካርታ ሲጫወቱ ይውሉ እንደነበር ታስታውሳለች። በመጀመሪያው እሑድ ማሰሮውን ከ«ቄሱ» ሞላች፣ አምስት ኩባያ አጥባ ደረደረች፣ ካርታውን መሃል አስቀመጠችና ጠበቀች። የቅዳሴው ደወል ተደወለ። የሰዎቹ ኮቴ በመስኮቷ ሥር አለፈ፤ ሳል ሰማች፣ ሳቅ ሰማች። ኮቴው ሳይቆም ወደ ቡና ቤቱ ቀጠለ። በዚያ ቀን ኩባያ የጨበጡት ቲስት ብቻ ነበሩ፤ ሁለት ሰው ካርታ አይጫወትምና ኩባያቸውን ጨርሰው ሄዱ።

«አትቀየሚያቸው» አለቻት ዙልማ ሰኞ ዕለት በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ። «ቦይ ውስጥ ትደፋናለች ብለው ነው የፈሩት።»

ስሟም በዚያው «ዳክዬዋ» ሆኖ ቀረ። አውቶቡስ ስትሳፈር ሾፌሩ፣ «ዳክዬዋ፣ ዛሬ መንገዱ ሰላም ነው?» ይላታል። ሥጋ ሻጩ፣ «ለዳክዬዋ ምን ልመዝን?» ይላል። ሮማኒ ትስቃለች፤ ቤቷ ገብታ በሩን ስትዘጋ ሳቋ ፊቷ ላይ እንደ ደረቀ ሊጥ ይቀራል። ከሰው ጋር ተናግራ የማትውልባቸው ቀናት እየበዙ ሄዱ። የአባቷ ጫማ ከምድጃው ሥር እንዳለ ነው፤ ኮፍያው በሩ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። አንዱንም አላነሣችም። አንድ ቀን ለራሷ ጮክ ብላ ስትናገር ራሷን ሰማች፤ በጀርመንኛ ነበር። ማን እንደሚሰማት ባታውቅም አፈረች።

በነሐሴ መጨረሻ ለቀድሞ አስተማሪዋ ደብዳቤ ጻፈች። መልሱ በዘጠኝ ቀን መጣ፤ ሁለት መስመር ነው። «እንዲህ ያለ ቢራ መድኃኒት የለውም። ይደፋ፤ እንጨቱም ይቃጠል።» አስተማሪዋ ተሳስቶ አያውቅም። ወረቀቱን አጠፈችና ከስኳር ዕቃው ሥር አስገባችው። ቲስትም ስለዚህ በርሜል ይድናል ብለው አልነገሯትም። እዚያ ስትሆን የዚህን መንደር ጨለማ ትንቅ ነበር፤ እዚህ ሆና ደግሞ የዚያኛው ብርሃን ይህን ጓዳ ይደርስበት እንደሆነ መጠራጠር ጀምራለች። ከሁለቱ አንዱን ማመን ብትችል እንቅልፍ ባገኘች።

ቲስት በመስከረም ወደቁ። አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ ወለል ላይ ተኝተው ነው ዙልማ ያገኘቻቸው። ከአንትወርፕ ከተማ የመጣችው ልጃቸው ሁለት አውቶቡስ ርቆ ወዳለ፣ መነኮሳት ወደሚያስተዳድሩት የአረጋውያን ቤት ልታስገባቸው ወሰነች። ሮማኒ ልትሰናበታቸው ስትሄድ ሻንጣቸው ተዘግቶ፣ ካፖርታቸው እስከ አንገት ተቆልፎ፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ከፍተሻል?»

«አልከፈትኩም፣ አጎቴ ቲስት።»

«ውሸታም።»

«በአባቴ አፈር አልከፈትኩም።»

«እንግዲያስ ሞኝ ነሽ፤ እኔ ብሆን ሦስቴ በከፈትኩት ነበር።» ሳቁና ሳሉ። ከዚያ በጥሩው ጆሯቸው በኩል ጎንበስ በይ አሏት። «መነኮሳቱ ቢራ ያስገባሉ?»

«የሚያስገቡ አይመስለኝም።»

«እኔም አይመስለኝም» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

በሚቀጥለው እሑድ ሮማኒ አንድ ኩባያ ብቻ አጠበች።

* * *

ዝናቡ በጥቅምት ተመለሰ፤ አብሮት ብርዱ ገባ፤ ውርጭ ግን ገና አልወረደም። የቅዱሳን ሁሉ በዓል አራት ቀን ሲቀረው ከሙኒክ ደብዳቤ ደረሰ። ከበዓሉ ቀጥሎ ባለው ሰኞ በሥራ ገበታዋ ካልተገኘች ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ ሐሳቧን እስከ በዓሉ ዋዜማ በስልክ ታሳውቅ።

ዋዜማው ዕለት ጠዋት ሬኔ በብስክሌት መጣ። ቀይ ፊት፣ ወፍራም አንገት ያለው ሰው ነው፤ እየተናገረ ሰው አያይም፣ ግድግዳ ያያል።

«ሐሙስ እጥዳለሁ» አለ ከብስክሌቱ ሳይወርድ። «ሌሊቱ ቀዝቅዞልኛል። አባትሽ በዚህ ጊዜ ሦስት በርሜል ይወስድ ነበር። ትወስጃለሽ?»

«በርሜሉ ገና አልዳነም፣ ሬኔ።»

«ስለ በርሜሉ አልጠየቅኩሽም።»

«ካልዳነ እኮ ስድስቱም ዋጋ የላቸውም። ካልዳነ ምን ላደርግ እቀመጣለሁ?»

«እኔ እንጃ። ቦይሽ ውሃ ሞልቶታል፣ ዳክዬ ታረቢያለሽ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት፤ አልሳቀም። «የቀረሽኝ ገዢ አንቺ ብቻ ነሽ። ከእንግዲህ አንድ ገዢ እንኳ ከሌለኝ ጣሪያ ሥር አልወጣም፤ ጉልበቴ አልቋል። የመዳቡን ገበታ ሊገዛኝ የሚፈልግ ሰው አለ። እስከ ማታ ድረስ ንገሪኝ።»

ብስክሌቱ ሲጢጥ ሲጢጥ ሲል እስከ ኩርባው ሰማችው።

ሮማኒ ወደ መጋዘኑ ገባች። አሁን ሁሉም ነገር በአንድ ውታፍ ሥር ነው። ሁለት ጣት ነክሮ ማላቀቅ፤ ክሩ ከተበጠሰ ትቀመጣለች፣ ክሩ ከረዘመ ሻንጣዋን ታነሣለች። ከዚህ የበለጠ ቀላል ሙከራ አልነበረም። የእንጨቱን መዶሻ አነሣች። ግራ እጇን በርሜሉ ላይ አሳረፈች። ባዶው ፊቱ እርጥበት አውጥቷል፤ የበረደ ነው።

ብትከፍተውና ክሩ ቢረዝም ምን አወቀች? ዛሬ እንዳልዳነ። ብትከፍተውና ባይረዝም ምን አወቀች? ዛሬ እንደዳነ፣ ምናልባትም አየሩን ራሷ አስገብታ ነገ እንደምትገድለው። ሁለቱን በደፋችበት ቀን ጠንቅቃ ታውቅ ነበር፤ ቅንጣት አልተጠራጠረችም።

ከጀርባዋ ሁለቱ ባዶ በርሜሎች አሉ። አባቷ በሕይወት ሳለ ባዶ ሆነው ከርመው አያውቁም። እንጨቱ እየደረቀ ሳንቃዎቹ መላቀቅ ጀምረዋል፤ ጣቷን በአንዱ ስንጥቅ ብታሳልፈው ብርሃን ታገኛለች። ለነዚያ ሁለቱ የምትሰጠው መልስ ሦስተኛው ቢድንም ቢሞትም ያው መሙላት መሆኑ ያን ጊዜ ገባት።

መዶሻውን አስቀመጠች። ወደ ቤት ተሻገረች፣ ከምስማሩ ላይ የአባቷን ኮፍያ አነሣች። ሰፋት፤ ጆሮዋ ላይ ነው የቆመው። አደረገችውና ወጣች።

ወደ ሬኔ ቤት የሚወስደው መንገድ በቡና ቤቱ በኩል ያልፋል። በመንደሩ ያለው የሕዝብ ስልክ እዚያ ያለው ብቻ ነው። በመስኮቱ ውስጥ የቀሩት ሦስቱ ሽማግሌዎች ካርታ ሲያድሉ አየቻቸው፤ አንዱ ቀና ብሎ ኮፍያውን አየ፣ እጁም አየር ላይ ቀረ። ሮማኒ ልትደውል አልገባችም። ሬኔን ከበረቱ አገኘችው።

«ሁለት» አለችው።

«አባትሽ ሦስት ነበር የሚወስደው።»

«ሦስተኛው በርሜል ሰው አለበት።»

* * *

አርብ ጎህ ሲቀድ ጣሪያው ሥር ወጣች። እንፋሎቱ ሌሊቱን ሄዷል፤ ጭማቂው በሰፊው መዳብ ላይ እንደ ረጋ ኩሬ ተኝቷል፣ ጥቁርና ቀዝቃዛ። ንፋሱ በተከፈቱት መስኮቶች ሲገባ ፊቱን በትንሹ ይሸበሽበዋል። ሬኔ በዳር በኩል የወደቀች ቅጠል በጣቱ አንሥቶ ጣለ። ሌላ ምን እንደወደቀበት ሁለቱም አያውቁም።

በሬኔ መኪና አጓጉዘው ሁለቱን በርሜሎች ሞሉ። ሦስት ቀን ውሃ ጠጥተው ሳንቃዎቹ ዳግም ተሳስመው ነበር። ሰኞ ሙኒክ ውስጥ የሥራ ደወል በሚደወልበት ሰዓት ሮማኒ በርሜሎቹ መካከል ጆንያ ላይ ተቀምጣ ታዳምጥ ነበር፤ ምንም የለም። ረቡዕ ምንም የለም። በስምንተኛው ቀን ከመጀመሪያው በርሜል አፍ ቡኒ አረፋ ወጥቶ በሆዱ ላይ ወረደ፤ ለሁለተኛው አንድ ቀን አልፈጀበትም። ከዚያ በኋላ መጋዘኑ ቀን ከሌት ሲንሾካሾክ ከረመ። ከእርሷ ጋር አልነበረም የሚንሾካሾኩት፤ እርስ በርሳቸው ነው። ሦስተኛው አሁንም ዝም ብሏል።

ውርጩ ከገና በኋላ ወረደ። የግቢው ቧንቧ ፈነዳ፣ የዙልማ ዳክዬዎች ቦዩ ላይ እየተንሸራተቱ በሆዳቸው ወደቁ፤ «ደግሞ ምን አጠጣሻቸው!» አለች ዙልማ ከመስኮቷ። ሮማኒ መሬቱ ዶማ እስኪመልስ ጠበቀች፤ ከዚያ ሌላ ሁለት ሳምንት ጨመረች። በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ መዶሻውን አነሣችና ውታፉን ከግራም ከቀኝም መታ መታ አድርጋ ነቀለችው።

ሁለት ጣቷን ነከረች። ገጠመች። አላቀቀች።

ምንም የለም። ደግማ ነከረች። እንደ ውሃ ተንጠባጠበ።

በብርጭቆ ቀዳች። የገለባ መልክ ነበረው፣ የጠራ፤ ሲሸት ያልበሰለ ፖምና አሮጌ ጓዳ። ቀመሰችው። ኮምጣጣነቱ ምላሷን ግራና ቀኝ ያዘው፤ ከዚያ ለቀቀው፣ ከኋላውም አንድ ለስላሳ ነገር መጣ። ስም ልትሰጠው ብትፈልግም የተማረችው ቋንቋ ሁሉ የሚነግራት ጥፋቱን ብቻ ነበር፤ ጥፋት አላገኘችም።

«ድኗል!» አለች ጮክ ብላ።

ድምፅዋ ከጣሪያው ተመለሰላት። ሁለቱ አዲሶቹ ይንሾካሾካሉ። በዚያ ቤት ሌላ የሚሰማ አልነበረም።

የሳል መድኃኒት ጠርሙስ አጥባ ሞላች፣ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከተተችና በአውቶቡስ ሄደች፤ ሁለት አውቶቡስ ነው። ቲስት መስኮት አጠገብ ብርድ ልብስ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ከስተዋል። በመጀመሪያ አላወቋትም፤ ኮፍያውን ግን አወቁት።

«ፕሮስፔር?»

«ሮማኒ ነኝ፣ አጎቴ ቲስት።»

«አወቅኩሽ፣ አወቅኩሽ። ኮፍያው አይሆንሽም።»

መነኩሲቱ ወደ ኮሪደሩ እስክትወጣ ጠብቃ ጠርሙሱን አወጣችና በብርድ ልብሱ ሥር ክዳኑን ከፈተችላቸው። ሊጠጡት አልሞከሩም። ሁለት ጣታቸውን በአፉ በኩል አስነክተው አወጡ፣ ገጠሙ፣ ወደ ብርሃኑ አነሡና ቀስ ብለው አላቀቁ። በሁለቱ ጣቶቻቸው መካከል የሚታየው መስኮቱ ብቻ ነበር።

«ከስቷል» አሉ።

«ከስቷል» አለች።

«ማን ብለሽ ልትጠሪው ነው?»

«አላሰብኩበትም።»

«በእኔ አትጥሪው። አንድ ደንቆሮ ይበቃል።» ጣታቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ሌላ ነገር የሚናገሩ መስሏት ጠበቀች፤ እንደዚያው ጣታቸውን አፍንጫቸው ላይ እንዳደረጉ እንቅልፍ ወሰዳቸው። መነኩሲቱ ገብታ አየችና፣ «ዛሬ ምን ነክቷቸው ነው? ፈገግ ብለዋል» አለች። ሮማኒ ጠርሙሱን ኪሷ ውስጥ ጨብጣ ተሰናበተች።

አውቶቡሱ ሊመሽ ሲል መንደር አደረሳት። ስትወርድ ሾፌሩ፣ «ደህና እደሪ፣ ዳክዬዋ!» አላት። ከእርሱ በቀር በዚያ ቀን በመንደሩ ውስጥ ያናገራት ሰው አልነበረም።

መጋዘኑ ገባች። የአባቷ ጠመኔ በትምባሆ ጣሳ ውስጥ ነው፤ ከአውራ ጣት አይበልጥም። የበርሜሉን ፊት በእጅጌዋ ጠረገች። «ሮማኒ» ብሎ አባቷ ያልጻፈውን እርሷ አትጽፈውም። ከዚያ ከ«ቄሱ» እና ከ«ደንቆሮው» ፊደል በማያንስ ትልቅ ፊደል፣ ከበሩ ለሚገባ ሰው ሁሉ እንዲታይ አድርጋ፣ «ዳክዬዋ» ብላ ጻፈችበት።

ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ አየችው። አንዱ ፊደል ተንጋዷል፤ አላረመችውም። ሁለቱ አዲሶቹ ከጎኑ ይንሾካሾካሉ፣ ፊታቸው ባዶ ነው። ሙቀት ሲመጣ ይታመሙ ይሆናል።

ጠመኔውን ወደ ጣሳው መለሰች፣ ኮፍያውን አስተካክላ አደረገችና ወጣች።